ይድረስ ለአዘጋጁ፦ እኛም እዛ ሰፈር ነበርንኮ

ሰላም ለናንተ ይሁን የጋዜጣው አዘጋጆች። እኔ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፣ ሃያ ምናምን አመት ታሪክ አስተምሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጋዜጣችሁ እዚ እንደልብ ስለማይገኝ ልጄ ካዲሳባ ሲመጣ ሶስት አራቱን ባንዴ ይዞልኝ ይመጣና በር ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ (የደብረ ብርሃንን ብርድ ለምታውቁት) አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ታዲያ ባንዱ ላይ ስለ አውሮፓ ስልጣኔ የወጣውን ጽሁፍ አንብቤ ሁለት ቀን ሲከነክነኝ ቆየና ይሄው ሞባይሌን አንስቼ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ርዝመቱ ይቅርታ፣ ጣቴም ወፍራም ነው ፊደል ከሳትኩ እናንተ አቃኑት።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ምንድነው፣ አውሮፓ ከ1500 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ገፍትሮ ወጥቶ ሳይንስና ጥበብ ያዘ ስለዚ ሰለጠነ፣ እኛ ደሞ ቅዳሴና ፆም ታቅፈን ተኛን ነው። ይሄ ወሬ አዲስ አይደለም፣ ሁለት ብርሌ ጠጅ የቀመሰ ሁሉ ሚለው ነው። እኔ ግን ሁለቱም ግማሽ ስህተት ነው ባይ ነኝ፣ እነሱም ጥለው አልወጡም እኛም አልተኛንም፣ ያጣነው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። (አመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ በኛ ሲሆን በኛ እላለሁ።)

ከቁጥር ልጀምር። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና መሪጌታ ነበሩ፣ ባህረ ሃሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት) ያስተምሩ ነበር፣ ወረቀት ሚባል አይዙም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኝ አውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ አንድ ባንድ እየነኩ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከዛ ጾመ ነነዌ መቼ እንደምትገባ ፋሲካ መቼ እንደምትውል ቁጭ ያረጉታል። ለምሳሌ የዘንድሮውን የ2018ን በሳቸው መንገድ ላስላው፣ አመተ ፍዳውን 5500 ሲጨምሩበት 7518 አመተ አለም ይመጣል፣ እሱን ለ19 ሲገድፉት (አካፍለው ትርፉን ሲይዙ ማለት ነው) 13 ይተርፋል፣ "አሐዱ አእትት ለዘመን" ይሉና አንዷን ጥለው 12 ወንበር ይሆናል፣ 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው 12፣ መጥቅዕ የሚባለው ደሞ ከ30 የቀረው 18። መስከረም 18 እሁድ ዋለ፣ የእሁድ ተውሳክ (ለየቀኑ የተመደበ ጭማሪ) 7 ነው፣ 18 እና 7 ሃያ አምስት፣ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። አለቀ። ልጅ ሆኜ አስማት ይመስለኝ ነበር።

ይቺ 19 ግን የኛ ብቻ አይደለችም፣ ፈረንጆቹም ፋሲካን ሲያወጡ ጨረቃን በ19 አመት ዙር ነበር ሚመልሷት። እነሱን ያስቸገረቻቸው በተለይ ፀሐይ ነች፣ አመቱን እንደኛ 365 ቀን ከሩብ ብለው ነበር የያዙት፣ እውነተኛው አመት ደሞ ከዛ 11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። 11 ደቂቃ ምን አላት ትሉ ይሆናል ግን በ128 አመት አንድ ሙሉ ቀን ትበላለች፣ ከኒቂያ ጉባኤ ጀምሮ እየበላች እየበላች መጥታ በ1500ዎቹ ላይ ማርች 21 መዋል የነበረበት ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆንበት ቀን ማርች 11 ላይ ቁጭ አለ።

እና ይሄ ማንን አስጨነቀ? ገበሬውን ነው? ነጋዴውን ነው? ሮም ያለውን ጳጳስ ነው፣ ፋሲካዋ ቦታዋን ለቀቀቻ! ገና 1514 ላይ ሮም ሊቃውንቱን ምከሩኝ ብላ ስትጠይቅ ከተጠየቁት አንዱ ኮፐርኒከስ ነበር፣ ፖላንድ ውስጥ ፍሮምቦርክ በሚባል ከተማ ካቴድራል አገልጋይ፣ የቤተ ክርስቲያን እንጀራ በላተኛ። እሱም የአመቱና የወሩ ርዝመት በደንብ ሳይታወቅ ምን ታስተካክላላችሁ አለ። ከዛ በኋላ ነው ምድር ናት በፀሐይ ዙሪያ ምትሄደው ያለበትን መጽሐፉን 1543 ላይ ያሳተመው፣ ማስታወሻነቱን የሰጠው ደሞ ለማን መሰላችሁ ለጳጳሱ ለጳውሎስ 3ኛ። ወትውቶ እንዲያሳትም ያረገው ደሞ ሬቲከስ የሚባል ወጣት የሂሳብ መምህር ነው፣ ከየት የመጣ? ከዊተንበርግ፣ የፕሮቴስታንቱን ተሃድሶ ከጀመረው ከሉተር ከተማ። ያ ሁሉ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ጠላት ሆኖ በሚባላበት ሰአት ማለት ነው። ጸሐፊው "ገፍትረው ወጡ" ያሉት ይሄን ከሆነ እኔ ግፍተራው አልታየኝም።

በመጨረሻ 1582 ላይ ጎርጎርዮስ 13ኛ ቀኑን ቆረጠው፣ ሰው ሐሙስ ኦክቶበር 4 ተኝቶ ሲነሳ ዓርብ ኦክቶበር 15 ሆነ፣ አስር ቀን ጠፋች። ፕሮቴስታንቶቹ የጳጳስ ነገር ነው ብለው እምቢ አሉ፣ ስሌቱ ትክክል መሆኑን እያወቁ! እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው ቆየች። እኛም በአሮጌው ነን፣ ይሄንን ለተማሪዎቼ በአድዋ ነበር ማስረዳቸው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 በኛ ማለት በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፣ ዛሬ የካቲት 23 ሚውለው ግን ማርች 2 ነው፣ አንዷ ቀን የት ሄደች? 1900ን ፈረንጆቹ ጳጉሜ 6 አላረጉላትም፣ በነሱ ማለት ፌብሩዋሪን 29 አላረጓትም፣ እኛ ደሞ እንደ ወትሯችን ሄድን። አምና ፋሲካ ከነሱ ጋ አንድ ቀን ዋለ፣ ዘንድሮ በሳምንት ተለያየን፣ ሰፈር ውስጥ "እነሱ ተሳስተው ነው" "እኛ ነን" የሚል ክርክር ሰምቼ ስቄ ዝም አልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር እዚ ላይ። ቦሎኛ ጣሊያን ውስጥ የቅዱስ ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ 1655 ላይ ካሲኒ የሚባል የከዋክብት ሊቅ ጣራው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ወለሉ ላይ 67 ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ዘረጋ፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በቀዳዳዋ ምትገባው ብርሃን መስመሩ ላይ ትወድቅና በየወቅቱ ወዲያና ወዲህ ትሄዳለች፣ የአመቱን ርዝመት በሷ ለኩ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቴሌስኮፕ ሆነች በሉት። አባቴ ደሞ ግቢው ውስጥ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ "ይሄን ያህል ጫማ ሆኗል፣ ለቅዳሴ ደውሉ" ይሉ ነበር። ነገሩ አንድ ነው፣ የነሱ ጣራ ከፍ ስላለ ነው የበለጠ ያዩት።

አሁን ወደ ርዕሴ። ጸሐፊው "ያኔ እኛ የት ነበርን" ብለው ጠይቀዋል። ልንገራችሁ የት እንደነበርን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ጀርባ ነበርን። ቀልድ አይደለም፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን እዛ አለ፣ ዛሬ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነው ያለው፣ ያኔ ከኢየሩሳሌም ለሚሻገሩ መነኮሳቶቻችን የተሰጠ ማረፊያ ነበር። አንድ ፖትከን የሚባል ጀርመን ቄስ እዛ ሲያዜሙ ሰምቶ ተደንቆ ፊደሉን ተማረና 1513 ላይ ሮም ውስጥ የግዕዝ ዳዊት አሳተመ፣ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው፣ ሉተር 95ቱን ነጥቦች ሳያወጣ በ4 አመት መቅደሙ ነው። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ነው ያሰበው ሚስኪን ግን አይፈረድበትም አትሞታል።

ቀጥሎ አባ ተስፋ ጽዮን መጡ። እኚህ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው፣ ፍቼ አጠገብ ካለው ከራሳችን ከሰሜን ሸዋ ገዳም። ግራኝ አገሩን ሲያምስ ገዳሙም ተቃጠለ፣ እሳቸው ከባልንጀሮቻቸው ጋ መጽሐፍ ይዘው ሮም ገቡ። ሮም ያኔ ምን ትመስል ነበር? የጴጥሮስ ካቴድራል ፈርሶ እየተሰራ ነው፣ አሸዋና ድንጋይ ተከምሯል፣ 1506 የተጀመረ ነው ገና አላለቀም (የተመረቀው 1626 ላይ ነው፣ የኛ ሰፈር መንገድ ስራ አስታወሰኝ)። ይሄ ግንባታ እኮ ነው ሉተርን ያስቆጣው! ገንዘቡ ሲያጥር ጀርመን ውስጥ የኃጢአት ስርየት ወረቀት ይሸጥ ጀመር፣ ቴትዜል የሚባለው ሰባኪ እየዞረ ሸጠ፣ ሉተር 1517 ላይ ይሄ ነገር ልክ አይደለም አለ። ሉተር ራሱ መነኩሴ ነበር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነበር፣ ገፍትሮ የወጣ ሳይሆን 1521 ላይ ተወግዞ ተገፍትሮ የወጣ ነው። እና የዛ ሁሉ ጠብ መነሻ የሆነው ግንባታ ከኛ መነኮሳት ደጃፍ ነበር፣ አቧራው ልብሳቸው ላይ አርፏል ማለት ይቻላል።

አባ ተስፋ ጽዮን ጳውሎስ 3ኛ ዘንድ የተወደዱ ሰው ሆኑ፣ ያው ኮፐርኒከስ መጽሐፉን የሰጠው ጳጳስ ነው፣ ማይክል አንጄሎ የመጨረሻውን ፍርድ ሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ስሎ 1541 ላይ የጨረሰውም በሱ ጊዜ ነው፣ ካቶሊኮቹ ለፕሮቴስታንቶቹ መልስ የሰጡበት የትሬንት ጉባኤ 1545 ላይ የተከፈተውም በሱ ጊዜ ነው። በዛ ሁሉ ግርግር መሃል የኛው መነኩሴ 1548 እና 1549 ላይ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የሐዋርያት ሥራ ግልባጫቸው ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። መጨረሻው ላይ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም እኛ ደሞ ማተም አንችልም፣ እውር እውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ነው የሰራነው ስህተቱን ማሩን ይላሉ። እኔ ይሄንን ባነበብኩ ቁጥር አይኔ እንባ ያቀራል፣ አገሩ የተቃጠለበት ሰው፣ ፊደሉን በማያውቅ ፈረንጅ እጅ አንድ ባንድ እያስለቀመ። ይሄ ሰው ነው እንግዲ ተኝቶ ነበር የተባለው።

ሌላም አለ። 1534 ላይ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋ ስለ ቅዳሴና ስለ ቁርባን ተነጋገረ፣ ሉተርም ተደስቶ ሲሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ሉተር ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን በጀርመንኛ ያወጣው በዛው አመት ነው። በአማርኛ ሙሉው ታትሞ የወጣው መቼ ነው? 1840። በመሃል 306 አመት አለ፣ እዚ ላይ ጸሐፊው ቢቆጩ እኔም አብሬ እቆጫለሁ።

ፆም ያዘን ስላሉት ደሞ ትንሽ ላስቃችሁ። ስዊዘርላንድ ዙሪክ ላይ 1522 በሁዳዴ ፍሮሻወር የሚባል አታሚ ቤት ውስጥ ሰራተኞቹ ተሰብስበው ሁለት የደረቀ ቋሊማ ቆራርጠው በሉ። ይሄው ነው፣ ሁለት ቋሊማ ለአስር ምናምን ሰው፣ ለያንዳንዱ ጣት ምታክል አትደርስም! አታሚው ሲጠየቅ ለፍራንክፈርት ገበያ የሚደርስ መጽሐፍ አለብን ሌት ተቀን እየሰራን በገንፎ ብቻ አልቻልንም አለ። ዝዊንግሊ የሚባለው ቄስ እዛው ነበር አልበላም ግን ደገፋቸውና ስለ መብል ነጻነት ሰበከ፣ ስብከቱንም አሳተመ፣ የዙሪክ ተሃድሶ ከዛ ጀመረ። ልብ በሉ፣ የተጣሉት ፆም ከቁም ነገር ስለቆጠሩ ነው፣ ግድ የሌለው ሰው ስለ ቋሊማ አገር አያምስም።

ስለ ስዕሉ ብዙ አልልም ሙያዬ አይደለም። ብቻ እነ ማሳቾ የሚባሉት የጣሊያን ሰአሊዎች ግድግዳ ላይ ርቀት እንዲታይ አርገው የሳሉት ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ በኋላ ደሞ በቤተ ክርስቲያን ጠብ ምክንያት ዙሪክ ላይ 1524 ስዕሉ ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጣ፣ ኔዘርላንድስ ላይ 1566 ሰው ገብቶ ሰባበረው፣ ሮም ላይም የማይክል አንጄሎ ራቁት ቅዱሳን አሳፈሩ ተብሎ አንድ ሰአሊ ጨርቅ እንዲስልባቸው ታዘዘ፣ ህዝቡ ሱሪ አልባሹ እያለ ቀለደበት። እኛ አገርም ከቬኒስ የመጣው ብራንካሊዮን እመቤታችንን ልጇን በግራ እጇ አቅፋ ቢስላት ግራ የንቀት ነው ተብሎ ትልቅ ሁከት ተነሳ ይባላል፣ የጣሊያን ሰው በግራ ማቀፍ የለመደው ነው። በግራ ይሁን በቀኝ ብሎ የሚጣላ ህዝብ ስዕል የሚያይ ህዝብ ነው።

የጋሊሊዮን ነገር አልሸሽም፣ እሱ የጸሐፊው ጠንካራ ካርድ ነው። 1610 ላይ በቴሌስኮፕ ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች አይቶ ጻፈ፣ 1616 ላይ የኮፐርኒከስ መጽሐፍ እስኪታረም ታገደ (ከታተመ 73 አመት በኋላ ነው ይሄም ይገርማል)፣ 1633 ላይ ጋሊሊዮ ተፈርዶበት እስኪሞት ቤቱ ታሰረ። ግፍ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኗም ራሷ 1992 ላይ ስህተት መሆኑን አምናለች። "ግን ትዞራለች" (ምድርን ነው) አለ የሚባለው ማስረጃ የለውም፣ በየፌስቡኩ መለጠፉን ብትተዉት ጥሩ ነው። እሱ ራሱ ግን እስኪሞት ካቶሊክ ነበር፣ ሁለት ሴት ልጆቹም መነኮሳት። ኬፕለር ደሞ፣ ያ የፕላኔቶችን መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው ያለው፣ ቄስ ልሆን ብሎ ነው ትምህርት የጀመረው፣ እናቱን 1615 ላይ ጠንቋይ ናት ብለው ከሰሷቸው፣ ስድስት አመት ተንገላቱ፣ ከአንድ አመት በላይ ታሰሩ፣ እሱ የንጉሠ ነገሥቱ የሂሳብ ሊቅ ሆኖ ስራውን ጥሎ ሄዶ ተከራክሮ 1621 ላይ አስፈታቸው። ይሄ ሁሉ "የሰለጠነው" አውሮፓ ውስጥ ነው።

ይሄን ሳነብ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ፣ ያጣነው ሌላ ነገር ነው ያልኩትም እሱ ነው። ያደኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ነው፣ ከኛ ቤት በታች አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ አለው፣ ልጁ እያፈራረቀ ይነፋል፣ ከሰሉ ነጭ እስኪሆን ይግላል፣ እሱ ማረሻውን በጉጠት ይዞ ሲመታው ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ ማረሻ አስይዛ ስትልከኝ ታዲያ "እዛ እንዳትበላ፣ ምሳህንም ሸፍነህ እለፍ" ትለኛለች፣ ቡዳ ነው ይባላል። የደብራችን መስቀል ክንዱ ሲሰበር ግን ማን ጋ እንደተላከ አውቃለሁ፣ ማታ ሰው እንዳያይ በነጠላ ተጠቅልሎ ለሱ ተላከ፣ ሲያነጥሩት አየሁ፣ በማግስቱ ህዝቡ ተሳለመው፣ እሱ ደሞ ከበሩ ውጪ ቆሞ ነበር።

አውሮፓ ላይ የፊደል ማተሚያን የጀመረው ጉተንበርግ ማነው? ብረትና ወርቅ ሰሪ ነው። ማተሚያ ማለት ምንድነው፣ ብረት ላይ ፊደል ገልብጦ መቅረፅ፣ በሱ መዳብ መምታት፣ በተመታው ላይ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል ማፍሰስ፣ የቀጥቃጭ ስራ እኮ ነው። የላቲኑ ፊደል ሃያ ምናምን ነው የኛ የግዕዙ ከነዘሩ 182፣ ስራው ይበዛል ግን ሮም ላይ ተሰርቷል። እዛ እንዲህ ያለው ሰው አበዳሪ አግኝቶ፣ ከአበዳሪው ጋ ተካሶም ቢሆን፣ 1455 አካባቢ መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣ። እኛ ጋ አፄ ምኒልክ ባለሙያን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ እንዲህ ያለው እጅ ከበር ውጪ ነበር፣ ከአዋጁም በኋላ በኔ እድሜ እንኳ ከበር ውጪ ነበር። ዊተንበርግ ላይ መነኩሴው ሉተር የጻፈውን በሁለት ሳምንት አገር ምድሩ እጅ ያስገባው ይሄ እጅ ነው እንጂ ሃይማኖት መተው አይደለም። መሪጌታው አባቴ አንጓቸው ላይ ያለውን ስሌት ቀጥቃጩ ብረት ላይ ቢቀርፅላቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ፣ ሁለቱ በ200 ሜትር ርቀት ኖረው አንድ ቀን አብረው እህል አልቀመሱም።

በዛው ሰሞን፣ ጉተንበርግ አትሞ በጨረሰ ባመቱ ማለትም 1456 ላይ፣ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ፣ ፍሎረንስ ላይ ቶስካኔሊ የሚባለው ሊቅ መንገዷን በየሌሊቱ መዘገበ። እዚ ደሞ አፄ ዘርአ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን ሰሩ፣ ደብረ ብርሃን የተባለው ከተማችን ስሙን ያገኘው ከዛ ነው፣ ብርሃኑ ያቺው ኮከብ ልትሆን ትችላለች ሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፣ ተአምር ነው ከሚሉት ጋም እኔ አልጣላም። እንግሊዛዊው ሃሌይ 1682 ላይ ሲያያት ከዚ በፊት በ1531 እና በ1607 የተጻፈላትን አገናዝቦ ተመላሽ ናት 1758 ላይ ትመጣለች አለ፣ እሱ ሞተ እሷ መጣች። የተጻፈ ስላገኘ ነው እንግዲ የቻለው።

ደብዳቤዬን የምታወጡት ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው የጻፍኩትን ስታወጡ "መጥቅዕ" ያልኩትን "መጥቀስ" ብላችሁ አወጣችሁትና የሥላሴ መሪጌቶች እስካሁን ይስቁብኛል። አሁን ቁጥር ስላለበት በደንብ እዩልኝ፣ አበቅቴ 12 መጥቅዕ 18 ነው፣ ሁለቱ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ነው ሚመጡት፣ ጋዜጣው ላይ 30 ካልሞላ የተሳሳትኩት እኔ ሳልሆን ፊደል ለቃሚያችሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን